ካርቶኑ ላይ የሌለው ቃል

ነሐሴ 12፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ዛሬም ዝናብ። ቆርቆሮው ሲደበደብ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። ቢሆንም አስተማርኩ። ስድስቱም መጥተዋል፤ እግራቸው ጭቃ፣ ደብተራቸው በፌስታል ተጠቅልሎ። የዘገየ የለም። የዘገየ በር ላይ ቆሞ እንደሚማር ያውቃሉ።

የዛሬው ትግል ከ«ም» ጋር ነው። ቢፍቱ «ላ» የታተመበትን ሰሌዳ ደረቷ ላይ ይዛ መሐል ቆመች። ሙአዝ «ም»ን ይዞ ግድግዳው ሥር። እሷ ላ ትላለች፣ እሱ ም ይላል። አንድ እርምጃ ይቀርባሉ። ደግሞ ይላሉ። በቀረቡ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ዝምታ ያጥራል። ትከሻና ትከሻ ሲነካ መሐል ላይ መተንፈስ ክልክል ነው፤ ላም ይሆናል። ሙአዝ ግን አፉን አይዘጋም። ላሙ ይላል። ወደ ግድግዳው መለስኩት። ላሙ። መለስኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በእንባ አፍ አይዘጋም አልኩት።

ይህን ትከሻ ለትከሻ የምለውን ነገር ከማንም አልተማርኩም፤ አንተ ደብተር ታውቃለህ። ከጉቴ ወደ ነቀምት የመጣሁት ጆንያ ለመሸከም ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያው ሁሉ ላይ ሁለት ምልክት ታትሟል። ውስጡ ቡና መሆኑን ጀርባዬ ያውቃል። ስለዚህ አንደኛው ቡ፣ ሌላው ና መሆን አለበት። ከዚያ «ና»ን ሌላ ጽሑፍ ላይ ፈለግኩ። አገኘሁ። እንዲህ ነው ፊደል የቆጠርኩት። መጋዘኑ ሲዘጋ የማተሚያ ቆርቆሮዎቹን ሊጥሏቸው ሲሉ ለመንኳቸው። ሰሌዳዎቼን የማትማቸው በእነሱ ነው፤ እንጨቱ የሳጥን እንጨት ነው።

በእኔ ክፍል ሀ ሁ ሂ እየተባለ አይዘፈንም። የሚዘፍን ልጅ «ሂ»ን ብቻዋን ስታሳየው ከሀ ካልተነሳ አይደርስባትም። ያ ማንበብ አይደለም። ማስመሰል ነው።

ቁቤውን፣ በላቲን የሚጻፈውን የኦሮምኛ ፊደል፣ ት/ቤት ይማሩታል፣ ፊደሉን ከእኔ። ቁቤውንም ጎልማሳ ሆኜ ብቻዬን ተምሬዋለሁ። እጄ ቀድሞ የለመደው ግን ፊደሉን ነው፤ አንተንም በእሱ እጽፍሃለሁ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ገለታ ክፍሉ ድረስ መጣ። ጥላውን በር ላይ አራገፈ። ገለታ ማለት በወጣትነታችን አብሮኝ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው፤ ዛሬ የቤ/ክ ሽማግሌ ነው፤ ከቤ/ክ ግቢ ይህን ክፍል ያሰጠኝም እሱ። ቀጥታ አይናገርም። መጀመሪያ ስለ በቆሎው፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ስላሉት የወንድሙ ከብቶች። ጠበቅኩት። በመጨረሻ አወጣው።

ሽማግሌዎቹ ክፍሉን ከመስከረም ጀምሮ ለአፀደ ሕፃናት ሊሰጡት ነው። የሠለጠነች መምህርት ተገኝታለች። ወንበሩ ሁሉ ቀለም ይቀባል። አንዳንድ ወላጆችም በእኔ ላይ ቅሬታ አላቸው። እነማን ናቸው አልኩ። ጉልበቱን አሻሸ።

እሱ ግን ተከራክሮልኛል። በዓመቱ የመጨረሻ እሑድ፣ እንደ ልማዳችን፣ ልጆቹ በምእመናኑ ፊት ያንብቡ፤ በደንብ ካነበቡ ክፍሉ ለኢተፋ፣ ለእኔ ማለት ነው፣ ይቆይ ብሏል። ተስማምተዋል።

ልማዱን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ጳጉሜ ላይ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ካርቶን ይሰቀላል። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ በየዓመቱ አዲስ። እያንዳንዱ ልጅ ወጥቶ ያነባል። ያነበበ ሽማግሌዎቹ ፊት ይቀርባል፤ ራሱ ላይ እጅ ጭነው ይመርቁታል። ከዚያ እናቱ የተጠበሰ እሸት በቆሎ ታቀብለዋለች። እስከዚያ ቀን የእኔ ተማሪ እሸት አይቀምስም። ከተማው ሙሉ በየመንገዱ ዳር እየጠበሰ፣ እነሱ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ። ያላነበበ ቆሞ ያያል። ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ።

ያነባሉ አልኩት ገለታን። አቀርቅሮ ወጣ።

ይህ ክፍል ከሌለ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት የለኝም። አንድ ጊዜ ጻፍኩት፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ትናንት በረንዳዬ ላይ የጻፍኩትን የዘንድሮውን ካርቶን ክፍሉ ውስጥ ሰቀልኩ። ይለማመዱበት። ካርቶኑን የሰጠኝ የሙአዝ አባት ሸምሱ ነው፤ ቤተ ጉራጌ፣ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ያለው። የቴሌቪዥን ካርቶን ነው፣ ወፍራም።

ላሟ ወንዝ ወረደች። ጥጃዋ ቤት ቀረ። ዝናብ ጣለ። ወንዙ ሞላ። ላሟ ማዶ ቆማ ጮኸች። ጥጃው ሰማት። ውሃው ሲጎድል ተገናኙ።

አንድ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላነበብኩላቸውም። መቼም አላነብላቸውም። ከሰማ አያይም።

ሁሉም «ወረደች» ላይ ወደቁ። ሙአዝ «ላሟ» ላይ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ይህን በደንብ ያዝልኝ። አነበቡ።

ቅዳሜ ዕለት ሁለቱ እስከ ወንዙ መሙላት ደርሰው ነበር። ዛሬ ስድስቱም ከላይ እስከ ታች። ሙአዝ እንኳ። ጣቱን በየቃሉ ሥር እየጎተተ፣ ሳይደናቀፍ፣ ነጥቡ ላይ ቆም እያለ። ሲጨርስ አየኝ። ደህና ነው አልኩት። ከእኔ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ሠራ። ያለ ዘፈን፣ ያለ ጭብጨባ፣ ያለ ቀለም ወንበር ሠራ።

ስመለስ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ ቤት የምገባ ሰው አይደለሁም። ለሚሰማም ለማይሰማም ነገርኩ። አሻሻጩ ልጅ ኦቦ ኢተፋ ዛሬ ሳቁ ብሎ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁ።

ለኦብሴም ነገርኳት። ኦብሴ ልጄ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ በረንዳው ላይ ልብስ ትሰፋለች። ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። ደስ ይላል አባ አለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ጣሪያው አፈሰሰ። የካርቶኑ ታችኛው ክፍል ራሰ፣ ቀለሙ ተደፋ። ከሸምሱ ሌላ ካርቶን ተቀብዬ ቤት ይዤ ገባሁ።

የላዩን እንዳለ ገለበጥኩ። መጨረሻው ላይ ብሩሼ ቆመ። «ውሃው ሲጎድል ተገናኙ።» መጀመሪያም አልወደድኩትም ነበር። ጥጃ ቆሞ ይጠብቃል እንዴ? ይህን ጻፍኩ፦ ጥጃው አልጠበቀም። በድልድይ ዞሮ መጣ።

ይሻላል። ሁሉም ፊደል የሚያውቁት ነው። አዲስ ቃል ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ፣ ከክፍል እንደገባሁ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። 

ሙአዝን አስነሳሁ። ከላይ ጀመረ፣ ደህና። ታች ደረሰ። ጣቱ «ድልድይ» ሥር ነው። አፉ፦ ውሃው ሲጎድል ተገናኙ።

እንደገና አልኩት። ውሃው ሲጎድል ተገናኙ። ካርቶኑ ላይ ውሃው የሚል ቃል የለም። ሌላውን አስነሳሁ። ውሃው ሲጎድል ተገናኙ። ሌላዋን። ውሃው ሲጎድል። ጣት በድልድይ ይሄዳል፣ አፍ በውሃ። የመጨረሻዋ ቢፍቱ ናት። «አል» አለችና ቆመች። ካርቶኑን አየች። እኔን አየች። ከዚያ እሷም ውሃው ሲጎድል አለች፤ ቀስ ብላ።

አያነቡም። አንዳቸውም። በቃል ነው።

ግን የከፋው ይህ አይደለም። ሁሉም አንድ ቦታ ይተነፍሳሉ። «ማዶ» ካሉ በኋላ ትንሽ ያርፋሉ። የመጨረሻውን ቃል ደግሞ ይጎትቱታል፤ ወደ ታች፣ እንደሚያባብል ሰው። ይህን አጎታተት አውቀዋለሁ። ባለቤቴ እንዲህ ነበር የምትናገረው። አሁን በምድር ላይ እንዲህ የሚናገር የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በረንዳዬ ላይ ልብስ ይሰፋል።

 ልጆቹን አሰናበትኩ። እርግጠኛ ሳልሆን አልናገርም።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ፣ ረፋድ

እርግጠኛ ሆንኩ።

ጨው ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ገባሁ። ባንኮኒው ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ ስልኩ ተቀምጧል። ከስልኩ ውስጥ የልጄ ድምፅ፦ ላሟ ወንዝ ወረደች። ጥጃዋ ቤት ቀረ። ሙአዝ የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ አብሮ ይላል። አየኝ። አፉን ዘጋ። «ም» ላይ አልዘጋ ያለው አፍ ዛሬ ተዘጋ።

ሸምሱ አላፈረም። ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ ራሴ በቃሌ ያዝኩት እኮ። ጳጉሜ ላይ ከልጆቹ ጋር ልሰለፍ እንዴ? ለእኔም እሸት አይቀርም።» የማውቅ መስሎታል። የማላውቅ መሆኔን ፊቴ ላይ ሲያይ ጨው መመዘን ጀመረ፤ አብዝቶ መዘነ።

ማን ላከልህ አልኩት። ኦብሴ ጽሑፉን በድምጿ ቀድታ በስልክ ለሁሉም እናቶች እንደላከች ነገረኝ። ሐሳቡ የማን ነው አልኩ። ጨውን ቋጠረ፣ ፈታ፣ እንደገና ቋጠረ። ኦቦ ገለታ ናቸው ጋሼ አለኝ፤ ለልጆቹ አሰሟቸው ብለው በየቤቱ የዞሩት እሳቸው ናቸው፤ ለእርስዎ ብለው ነው።

ለእኔ ብለው።

ጨውን ትቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ አካም ቡልተን ኦቦ፣ እንዴት አደሩ፣ ይላል። እያንዳንዱን ፊቱን አየዋለሁ። ይህኛው ያውቃል? ያቺኛዋስ? የሻይ ቤቱ ልጅ ያኔ ሲያንሾካሹክ ያውቅ ነበር?

የነሐሴ 19ን ገጽ መልሼ አነበብኩት። ልቀደው ጫፉን ያዝኩ። ተውኩት። የሞኝ ደስታዬም እዚያው ይቀመጥ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ጠየቅኳት። ጠዋት፣ ደጅ ላይ፣ ቆሜ። አልካደችም። ብትክድ ይሻለኝ ነበር።

ልጆቹ አያነቡም ነበር አባ አለች፤ ጳጉሜ ደረሰ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «ለእርስዎ? ማን ደፍሮ ነው ለእርስዎ የሚነግረው?»

ከዚያ አላቆመችም። ቢፍቱ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስትወጣ ያስመልሳታል፤ እናቷ ጉቴ ገበያ ስትሄድ እዚህ ቆማ እያለቀሰች ለኦብሴ ነግራታለች። ሙአዝ ሌሊት «ም» «ም» እያለ ይቃዣል። «አባ፣ ልጆቹ ፊደሉን መች ያያሉ? የሚያዩት ፊትዎን ነው። ፊትዎ ሲኮሳተር ይቀይራሉ፣ ሲፈታ ይቀጥላሉ። እርስዎ ደግሞ አነበቡ ይላሉ።»

መቼ ነው ፊቴ የሚፈታው አልኳት። እሱንማ ተዉት አለች፤ ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ አለቀሰች። ክፍሉን ቢቀሙዎት ቀኑን ሙሉ እዚህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የእኔን ስፌት ሊያርሙ ነው፤ እኔ እችላለሁ፣ እርስዎ አይችሉም አለች።

ልጅ መትቼ አላውቅም። ሰድቤም አላውቅም። ፊቴ ምን አደረጋቸው?

አንተ ደብተር፣ ይህን ልንገርህ። የሚጠላኝ ሰው ቢያታልለኝ እንደ ሰው ቆጥሮኛል ማለት ነው። እነዚህ አዘኑልኝ። ተሰብስበው፣ ተመካክረው፣ እንደ በሽተኛ አስታመሙኝ። እኔ ብቻ ሳላውቅ። በገዛ ክፍሌ ውስጥ፣ በገዛ ጽሑፌ፣ በሟች ሚስቴ ድምፅ።

ከዛሬ ጀምሮ አላናግራትም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ካርቶኑን አወረድኩ። ልጆቹ ያዩኛል። ፊቴን። ኦብሴ ከነገረችኝ ወዲህ እኔም አየዋለሁ፤ እነሱ ሲያዩት ነው የማየው። ልፈታው ሞከርኩ። አንዷ ፈራችና ወደ ኋላ አለች።

ከ«ም» ጀመርን። ላ። ም። ከግድግዳው።

ጳጉሜ ላይ ስለምናነበው ማንም አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ሦስት ልጆች ቀሩ። እናቶቻቸው በአጥር ማዶ ልከውብኛል፤ አንዱ አሞታል፣ አንዷ ቢላ ከተማ አክስቷ ጋ ሄዳለች፣ ሦስተኛው እንዲሁ ቀረ። የመጡት ቢፍቱ፣ ሙአዝና ሌሊሳ ናቸው። ሌሊሳ የመጣው አያቱ ስለማትሰማ ማንም ኢተፋ ተቀይሟል ብሎ ስላልነገራት ነው።

ገለታም መጣ። አልገባም፣ አጥሩ ላይ ቆመ። ዛሬ በቆሎም ጉልበትም የለም፤ በኦሮምኛ ጠራኝ።

«ያ ኢተፋ፣ አንድ ቀን ነው። አሮጌውን ጽሑፍ ስቀል። ልጆቹ ይበሉት፣ ሰው ያጨብጭብ፣ ክፍሉ ይቆይልህ። ሰኞ እንደፈቀድክ አስተምር።»

አንተ ራስህ ፈተናውን አወጣህ፣ አንተ ራስህ መልሱን በየቤቱ አደልክ አልኩት። አዎ አለ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቀድመው ወስነው ነበር፤ ቀን ላተርፍልህ ብዬ ነው አለ።

ያላነበበ ልጅ ራስ ላይ እጅህን ጭነህ ልትመርቅ ነበር? አልኩት።

 «እጄን የምጭነው ልጁ ላይ ነው። ንባቡ ላይ አይደለም።»

 ከሄደ በኋላ ለራሴ ያልኩትን አልጽፈውም።

ብሰቅለው ምን ይሆናል? ማን ያውቃል? ሁሉም ያውቃል፤ ችግሩ እሱ ነው። ሁሉም እያወቀ ያጨበጭባል። እኔም እያወቅኩ እቆማለሁ። መስከረም ላይ ቁልፉን ይዤ ያንን በር እከፍታለሁ።

በሩን አሰብኩት። ጠዋት ሲከፈት የሚያወጣውን ድምፅ። አሰብኩት ብዬ ጻፍኩ፤ ይቆይ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ሙአዝ አፉን ዘጋ። ላም። በትክክል፣ ከቢፍቱ ትከሻ ጋር። የሆነው ግን እኔ መስኮቱን ልዘጋ ጀርባዬን ሳዞር ነው። ስዞር ጠፋው። ላሙ።

ቢፍቱ የወረደውን ካርቶን ጥግ ላይ አግኝታ ብቻዋን ስትነካካው ነበር። በ። ድ። ል። እየጎተተች፣ ግንባሯ ተኮማትሮ፣ ዘፈን የለ፣ የኦብሴ ዜማ የለ። በድል ላይ ቆመች። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

አንድ ሙሉ ቃል አልደረሰችም። ግን የራሷ ነው።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

ሰሌዳዎቹን በከረጢት አሰርኩ። ሁሉንም።

ኦብሴ ሸሚዜን አጥባ ተኩሳ ወንበሬ ላይ አድርጋዋለች። አሮጌውን ለበስኩ።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ፣ ከሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከአምልኮ ወጣን። ዝናቡ አባርቷል። ግቢው ውስጥ፣ ሁልጊዜ በምሰቅልበት ዛፍ ላይ፣ ካርቶን ተሰቅሏል። ላሟ ወንዝ ወረደች። አሮጌው ጽሑፍ። የእኔ እጅ አይደለም፤ የገለታ ነው፤ «ጥ» ሁልጊዜ ትጣመምበታለች። የቀሩትም ልጆች መጥተዋል፤ አሞታል የተባለው፣ ቢላ ሄዳለች የተባለችው። አዲስ ልብስ ለብሰው ከዛፉ ሥር ተሰልፈዋል። እናቶች እሸቱን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ይሸታል።

ሄጄ አወረድኩት።  ለሁለት አጠፍኩት፣ ዛፉን አስደገፍኩት።

እነዚህ ልጆች ገና አያነቡም አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሚችሉትን ታያላችሁ። አንድ ቃል ስጡኝ፤ ማንም ይስጥ፤ እኔ አልመርጥም።

ከኋላ አንዲት ሴት ጥላዋን ከፍ አድርጋ «ዝናብ» አለች። ሰው ሳቀ። እኔ ብመርጥ «ዝ»ን ከፊት አላደርግም። ከባድ ናት፤ የሚደግፋት የለም። ግን ተሰጠ።

በየቤቱ የቀሩት ሦስቱ ወደ እናቶቻቸው ሸሹ። አልጠራኋቸውም። ለሦስቱ ተማሪዎቼ ሰሌዳ ሰጠሁ። «ዝ»ን ለሌሊሳ፣ «ና»ን ለሙአዝ፣ «ብ»ን ለቢፍቱ። አራርቄ አቆምኳቸው። ሕዝቡ ከፊታቸው ስለሆነ እኔ ከረጢቱን ይዤ ከኋላቸው ቀረሁ።

ሙአዝ ፊቴን ፈለገ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። አላገኘኝም። የሚያየው ሲያጣ ሰሌዳውን አየ።

ዝ። ና። ብ። ቀረቡ። ሌሊሳ «ዙ» አለ፤ ወዲያው ራሱ መለሰው። ቀረቡ። ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ አለፈ፤ ጠበቁት። አንድ ልጅ ከሕዝቡ መሐል መቼ ነው የሚያነቡት ብሎ እናቱን ጠየቀ፤ ሁሉም ሰማው። ሽማግሌዎቹ ሰዓታቸውን አዩ። ቀረቡ። ትከሻ ለትከሻ። ቢፍቱ ከንፈሯን ገጠመች።

ዝናብ።

አንድ ቃል። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቃል። ጥቂት ሰው አጨበጨበ፤ ሌላው ያልቃል ወይስ ይቀጥላል ብሎ ግራ ገባው። አለቀ አልኩ።

ገለታ ተነሳ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አልተነሱም። መጥቶ ሦስቱም ራስ ላይ ተራ በተራ እጁን ጫነ። እኔን አላየኝም። እኔም አላየሁትም። የሙአዝ እናት እሸቱን ስታቀብለው ጥርሱ መሐል ቀድሞ የገባ በቆሎ አየሁ። ሌላ ቀን ቢሆን እናገር ነበር።

ከሰዓት ክፍሉ ለአፀደ ሕፃናት ተሰጠ። ድምፅ እንኳ አልቆጠሩም። ቁልፉን ለገለታ ሰጠሁት። ያ ኢተፋ አለኝ።  አልቆምኩም።

ያሸነፍኩት ነገር የለም። ማንንም ትክክል አልነበርክም አላልኩም፤ ማንም ትክክል ነበርክ አላለኝም።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ትናንት አልጻፍኩም። ጠዋት ለባብሼ፣ በር ድረስ ሄጄ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ኦብሴ አየችኝ።  ከሰዓት ስፌቷን ተመለከትኩ። ጠርዙ ጠምሟል። አላረምኩትም።

ዛሬ ከቁርስ በፊት ቢፍቱ በሩ ላይ። ካፊያ ነው። ከልብሷ ሥር ሰሌዳ አወጣች። «ብ»። እሑድ ሳትመልስልኝ ይዛት ሄዳለች። አካኮ፣ አያቴ፣ ሌላኛውን ስጠኝ አለች። ማን ላከሽ አልኳት። ማንም አለች። ከኋላዋ ሙአዝ አለ፤ አባቱ ባዶ ካርቶኖች አሸክሞታል። ስልኩን ቤት ትቼዋለሁ አለኝ፤ ሳልጠይቀው።

ኦብሴ የስፌት መኪናዋን ከበረንዳው መሐል ወደ ዳር ገፋች። አልጠየቅኳትም።

ወሰንኩ። እዚሁ በረንዳ ላይ ይሆናል። በቃል የሚያጠና ልጅ አይኖርም። እሸቱም እንደ ድሮው ነው፣ ያላነበበ አይቀምስም። ኦብሴ እዚያው ፊት ለፊታቸው ትሰፋለች፤ እሷን ይዩ፤ አፏን ግን አትከፍትም። ይህን ነገርኳት። እሷን ማናገር ካቆምኩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እሺ አባ አለች።

ይቅር አላልኳትም። ገለታንም። ያ ለብቻው ነው፤ አንተም አታስታውሰኝ።

ፊቴም ይኸው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ አላመጣም። ወንበሬን ግን ተሸክሜ ከልጆቹ ኋላ አድርጌዋለሁ። ከዚህ የሚታየኝ ሁለት ማጅራትና የኦብሴ መርፌ ነው። ቢፍቱ ዞራ ፈለገችኝ። ወደ ፊትሽ አልኳት።

ዞረች። ሰሌዳውን አየች።